በበር ሥር የምታልፈው መርፌ

ኩታፓን ጥላ ሰፊ ነው። የሚሰፋው ግን የዝናብ ጥላ አይደለም፤ በበዓል ቀን ዝሆን ላይ የሚዘረጋውን ነው። በቼምባካራ መንደር የቤተ መቅደሱ በዓል ሲደርስ ላይ ሠፈር ሰባት ዝሆን ያሰልፋል፣ ታች ሠፈርም ሰባት። ዝሆኖቹ ፊት ለፊት ይቆሙና በጀርባቸው የተቀመጡት ሰዎች ተራ በተራ ጥላ ይቀያይራሉ። አንዱ አረንጓዴ ሲያወጣ ሌላው ወርቃማ፣ አንዱ ባለ ሁለት ደርብ ሲዘረጋ ሌላው ባለ ሦስት። በመጨረሻ ማንም ያላየው፣ ወሩን ሙሉ በር ተዘግቶ የተሰፋው ልዩ ጥላ ይወጣል። በልዩ ጥላ ያሸነፈ ሠፈር ዓመቱን ሙሉ ሻይ ቤት ገብቶ ጮክ ብሎ ያወራል። የተሸነፈው ሻዩን እቤቱ ይጠጣል።

የላይ ሠፈርን ልዩ ጥላ ኩታፓን ሠላሳ አንድ ዓመት ሰፍቷል። ችግሩ፣ ሚስቱ ካርትያኒ የታች ሠፈር ልጅ ናት። ይባስ ብሎ የታች ሠፈሩ ጥላ ሰፊ ሱኩ ታናሽ ወንድሟ ነው። በአዘቦቱ ቀን ይህ ምንም አይደለም፤ ልብስ በመስፋት የሚተዳደሩት ሁለቱ አማቾች አብረው ዓሣ ያጠምዳሉ፣ በአንዱ መቀስ ሌላው ይቆርጣል። የበዓሉ ባንዲራ ተሰቀለ ማለት ግን ከሌላው ሠፈር የመጣች ሚስት ሁሉ ልብሷን ጠቅልላ ወደ አባቷ ቤት ትሄዳለች። ወግ ነው እንጂ ጠብ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ይህን ቀን የሚናፍቁ ባሎችም አይጠፉም።

ዘንድሮ ካርትያኒ አልሄደችም። ምክንያቱን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም፦ የኩታፓንን ዓይን ሞራ ሸፍኖታል። እጁ እንደ ድሮው ነው፤ ስፌቱን በጣቱ እየዳሰሰ ቀጥ አድርጎ ይሄዳል። መርፌ ውስጥ ክር መክተት ግን አልቻለም። ይህ ነገር ከላይ ሠፈር የበዓል ኮሚቴ ሊቀመንበር ከናምቢያር ጆሮ ቢደርስ አለቀለት። ናምቢያር አምና የከበሮ መሪው እጅ ሲንቀጠቀጥ አይቶ፣ በማግሥቱ አንገቱ ላይ የአበባ ጉንጉን አጥልቆ ያሰናበተ ሰው ነው። ኩታፓን ያንን ጉንጉን በሕልሙ ሁሉ እያየ ይባንናል።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠሩ። ኩታፓን መስኮቱን በሚስማር መታ፣ በሩን ከውስጥ ቀረቀረ። ከበሩ ሥር ሁለት ጣት የምታህል ክፍተት አለች። ባዶውን መርፌ በካርቶን ቁራጭ ላይ ሰክቶ በዚያች ያሾልካል፤ ካርትያኒ ከውጭ ክሩን ከትታ መልሳ ትገፋለታለች።

«ነጭ!» ይላል ከውስጥ።

«ትናንት ነጭ፣ ዛሬም ነጭ። ከፈን ነው እንዴ የምትሰፋው?»

«ዝም ብለሽ ክተቺ አንቺ ሴትዮ!»

በሦስተኛው ቀን ግን መርፌው በእጁ እንዳለ ልቡ ስንጥቅ አለ። ይህቺ ሴት በክሩ ቀለም ሳታይ እያየች ነው! ልዩው ጥላ ነጭ ሎተስ ነበር፤ ሲዘረጋ እንደ አበባዋ የሚፈነዳ፣ ከስስ ነጭ ሐር የተሠራ። ነጭ መሆኑን ወንድሟ ከሰማ ወሩ ሁሉ ገደል ገባ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኩታፓን ብልጥ ሆነ። በየመካከሉ «ቢጫ!» ይላል፤ «ሰማያዊ!» ይላል። የመጣለትን ቢጫ አስቀምጦ፣ አንድ ስፌት የሚፈጀውን ጊዜ ያህል ጉሮሮውን እየጠራረገ ይቆይና መርፌውን መልሶ ያሾልካል። አንድ ነገር ብቻ አላሰበበትም። ዕድሜ ልኩን ልብስ ሰፊ ነውና ክር ማባከን ሞቱ ነው። ቢጫውን ክር እንዳለ፣ ክንድ ሙሉ እንደሆነ፣ ከነመርፌው መለሰላት።

ካርትያኒ የልብስ ሰፊ ልጅ፣ የልብስ ሰፊ እህት፣ የልብስ ሰፊ ሚስት ናት። ክሩን በሁለት ጣቷ ይዛ ሳብ አደረገችው። ጨርቅ ውስጥ ያለፈ ክር ይጎፍራል፣ ይጠመዘዛል። ይኼኛው ከጥቅሉ እንደወጣ ለስላሳ ነው። ሰማያዊውም እንደዚያው።

«ለካ እኔን ነው የሚያጃጅለኝ!» አለች ለራሷ። ሱኩ ሦስት ጊዜ መጥቶ ጠይቋት ስለ ጥላው አንዲት ቃል አልተነፈሰችም ነበር። ጥርሷን ነክሳ ተነሣች፣ የልብስ ሣጥኗን ከፈተችና አንድ ጥቅል ቀይ ክር አወጣች። ቀይ የታች ሠፈር ቀለም ነው።

«ነጭ!» አለ ኩታፓን።

«ይኸውልህ ነጭ» አለች፤ ቀዩን ገፋችለት። ከዚያ ወዲያ ነጭ ባለ ቁጥር የሚመጣለት ቀዩ ነበር።

የቀረው ሐሩን ከጥላው አጥንት፣ ማለትም ከሚወጥሩት ዘንጎች፣ ጋር የሚያያዘው የእጅ ስፌት ነበር። ጥላው ዐሥራ ስድስት አጥንት አለው፤ ሰባት ዝሆን፣ ሰባት ጥላ። ኩታፓን ለአንድ አጥንት አንድ ክር እያደረገ መቶ ዐሥራ ሁለቱን በጣቱ እየዳሰሰ ሰፋ፤ ስፌቱንም እንደ ደንቡ በስስ ነጭ ጥብጣብ ሸፈነው። በዋዜማው ናምቢያር መጥቶ በኩራዝ ብርሃን አየና «ንጹሕ ሥራ ነው፤ ትንሽ ግን አልደበዘዘም፣ አሻን?» አለው። አሻን በአገሩ ባለሙያን የሚያከብሩበት መጠሪያ ነው። ኩታፓን ሌሊቱን እንቅልፍ አጣ።

በበዓሉ ቀን አመሻሽ ላይ ከበሮውና መለከቱ ጆሮ ይበጥሳል። ታች ሠፈር ባለ ሦስት ደርብ ጣዎስ ዘረጋ፤ ሕዝቡ አበደ። ተራው የላይ ሠፈር ሆነ። ሰባቱ ሎተሶች በአንድ ጊዜ ፈነዱ። ፀሐይዋ ከዝሆኖቹ ጀርባ ዝቅ ብላ ነበርና ሐሩን ሰንጥቃ ገባች። ቀጥሎ ጩኸቱ መጣ።

«ቀዩን እዩት! ቀዩን!»

ኩታፓን ቀና ብሎ አየ። ለእሱ ሰባት የጥጥ ክምር ነው። ቀይ ሲሉ ሲሰማ፣ ታች ሠፈር ሌላ ጥላ ያወጣ መስሎት ወደዚያ ዞረ። ይኼኔ ናምቢያር ሽርጡን በአንድ እጁ ሰብስቦ እየሮጠ መጣና ትከሻውን ያዘው።

«አሻን! ትናንት ሳየው ነጭ አልነበረም? ይህን ቀይ ከየት አመጣኸው?»

«ቀይ?» አለ ኩታፓን። «ምን ቀይ?» ሊል ሲል ምላሱን ያዘ። ምን ቀይ ያለ ሰው እንደማያይ ይታወቅበታል። «በስንቱ አጥንት ላይ ይታያል?»

«በሁሉም! የአበባዋ ደም ሥር ሆኖ ነው የሚታየው። ነፍስ ዘርተህባታል እኮ!»

በሁሉም። መቶ ዐሥራ ሁለት። ኩታፓን አንገቱን ወደ ታች ሠፈር ሴቶች አዞረ። ማየት ባይችልም ከመካከላቸው የምትሰማውን የካርትያኒን ሳቅ ያውቃታል።

«ፀሐይ ላይ ብቻ ነው የሚታየው» አለ ቀስ ብሎ፤ «በኩራዝ አይታይም።»

«ከእኔም እንኳ ደበቅኸው? አንተ ቀበሮ!» ናምቢያር አንገቱ ላይ አበባ አጠለቀለት። ኩታፓን ጉንጉኑ ሲነካው ክው አለ። «የሚቀጥለውም ዓመት ያንተ ነው። ግን ያው ቀይ እንዲገባበት!» ሲለው ነው ትንፋሹ የተመለሰው።

በማግሥቱ ጠዋት ካርትያኒ የሩዝ ሾርባውንና በጨውና በበርበሬ የተዘፈዘፈውን ማንጎ አቀረበችለት።

«መቶ ዐሥራ ሁለት ጊዜ» አላት።

«መቶ ዐሥራ ሦስት። አንዱን መርፌ ጥለኸው ነበር።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከታች ሠፈር አንድ ክር በጥላዬ አይገባም ብዬ ምያለሁ!»

«አንድማ አልገባም።»

ሾርባውን ፉት አለ። «ሱኩ ያውቃል?»

«ዘንድሮ ባሌ በር ዘግቶ ሲያንኮራፋ ነው የሚውለው አልኩት። ትናንት ሠፈሩን በሙሉ ቀይ የእኛ ነው እያለ ሲያደነቁር ነበር። አንተ ግን ያልተሰፋ ክር መለስክልኝ። ለእኔ! ከዓይንህ ጀምሮ ስንት ምሥጢርህን ተሸክሜ!»

ኩታፓን ማንጎውን በጣቱ ሲፈልግ ቆየ፤ እሷ ሳህኑን ወደ እጁ ገፋ አደረገችለት።

«ናምቢያር ለከርሞም ቀይ ይግባበት ብሏል» አለ በመጨረሻ።

«ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ሞራህን ትገፈፋለህ፤ ሰኞ እወስድሃለሁ። ለሠፈሩ ደግሞ የእኅትህን ልጅ ልትጠይቅ ሄድክ እላለሁ።»

«ዓይኔ ከበራማ ክሩን ራሴ እከታለሁ።»

«ቀዩ ጥቅል ያለው ግን እኔ ሣጥን ውስጥ ነው።»

ኩታፓን ትንሽ አሰበ። «እሺ፤ ለከርሞ በሩን አልዘጋም። ገብተሽ አጠገቤ ትቀመጫለሽ።»

ካርትያኒ ማንኪያውን አስቀመጠች። «እኔ? የላይ ሠፈር ጥላ የሚሰፋበት ክፍል? ወንድሜ ምን ይለኛል! በሩን ቀርቅረህ መርፌውን ከሥር አሳልፍልኝ።»