ለሁለታችን የተባለ እልልታ

ጅግጅጋ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ስለቱ የደረሰለት ሰው ያመጣውን አስቀምጦ ዝም ብሎ አይሄድም። ከቅዳሴ በኋላ አንድ አዛውንት የስለቱን ወረቀት በድምፅ ማጉያ ያነባሉ፤ ሕዝቡም እልል ይላል።

እኔና ጓደኛዬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ፣ ካለፍን መጋረጃ ልናስገባ ተሳልን። ጨርቁን ከገበያ አብረን መረጥን። ሻጯ ሶማሌ ሴትዮ፣ "ሙሽራዋ ማንኛችሁ ናችሁ?" ስትለን በሳቅ ሞትን። ወረቀቱንም ያኔውኑ፣ እንዳለፍን አድርገን፣ በሁለታችን ስም ጽፈን ከጨርቁ ጋር ጠቀለልነው።

ውጤት መጣ። እኔ አለፍኩ፤ እሷ ወደቀች።

"ለእማዬ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ራሴ እነግራታለሁ። አደራ፣ ዝም በይ" አለችኝ።

እናቴ ደግሞ፣ "ያንቺ ደርሷል። ስለት አይቆይም፣ እሁድ አስገቢ" አለችኝ።

ሁለቱንም እሺ አልኩ። እሺ ማለት ይቀናኛል።

ቅዳሜ ወረቀቱን ልቀይር እስክሪብቶ አነሳሁ። ስሟን መሰረዝ ግን እሷን ከሰው መሀል ማስወጣት መሰለኝና እንዳለ መልሼ ጠቀለልኩት። በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ ረሳሁት ብያለሁ። አልረሳሁም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዛውንቱ ስማችንን አከታትለው አነበቡ። "ፈተናቸውን አልፈው ስለታቸውን አስገብተዋልና እልል በሉ!"

ከሁሉ በላይ የጮኸው የእናቷ ድምፅ ነበር። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወድቆ እንኳ አላነሱትም። ሴቶቹ ጓደኛዬን ከበው፣ "እንኳን ደስ ያለሽ!" እያሉ ሳሟት። እሷም "ተመስገን፣ ተመስገን" ትላለች፤ ምን ትበል?

በሩ ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

"ለራስሽ ብቻ ብታመሰግኚ ኖሮ እኔም እልል እልልሽ ነበር" አለችኝና እናቷን ተከትላ ሄደች።

ወደ አዛውንቱ ተመለስኩና በሚቀጥለው እሁድ እንዲያርሙልኝ ለመንኳቸው።

"ልጄ፣ ምን ብዬ ነው የማርመው? ልጅቷ ወድቃለች ብዬ በማጉያ ልናገር?"

ሰኞ እናቷ ልብስ ወደሚሸጡበት ሱቅ ሄድኩ። ጓደኛዬ አልነበረችም። እናቷ ሸሚዝ ያጣጥፉ ነበር።

"ነገረችኝ" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "መውደቅስ ያለ ነው፤ ትደግመዋለች። ያን ሁሉ እልልታዬን ግን ምን ላድርገው፣ ልጄ?"

አንዱን ሸሚዝ አንስቼ አብሬያቸው ማጠፍ ጀመርኩ። ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱት።