በመርዶው የቀደመን ሞባይል ጠጋኝ

ይህ የሆነው እዚሁ ደባርቅ፣ አምና ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ጊዜው ሄዷል፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ወንድሜ ሰዒድ ሊሠራ አረብ አገር ሄዶ በድንገት ታመመ፤ እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ለእኔ ነው። አብሮት የሚኖር ጓደኛው በስልክ ጻፈልኝ። እናታችን ደም ግፊት አለባት። መርዶ ደግሞ በእኛ ዘንድ እንዲያው በአፍ አይወረወርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ መጥቶ፣ በማለዳ፣ ግራ ቀኝ ይዘዋት ነው የሚነገራት። አጎታችን ከአዲ አርቃይ እስኪመጣ ሦስት ቀን መጠበቅ ነበረብን።

ዳባት ካለችው እህቴ ከዘሃራ ጋር ሁሉንም የተመካከርነው በጽሑፍ ነው። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ደውሎ ማውራት አይቻልም። መልእክቱ የተቆለፈ ነው፣ ከላኪና ከተቀባይ ሌላ ማንም አያነበውም ሲባል ሰምቼ አምኛለሁ። ከእናቴ ጋር ስስቅ እውልና ሽንት ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ።

በሁለተኛው ቀን እናቴ ገበያ በርበሬና ቅመሟን ዘርግታ ተቀምጣለች። ከወር በፊት የስልኬን መስታወት የቀየረልኝ ሞባይል ጠጋኝ መጣና ፊቷ ቁጢጥ አለ።

"እማማ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥዎት። ሰዒድ እንዲህ በሰው አገር ይቅር?"

ሰው ጠርቶኝ ስደርስ እናቴ መሬት ላይ ተዘርራ፣ በርበሬው ተደፍቶ፣ ገበያተኛው ከቧት ነበር። ከዘመድ አንድ ሰው አጠገቧ አልነበረም። ጤና ጣቢያ ወስደናት በስንት መከራ ተረፈችልን።

ከለቅሶው በኋላ፣ ጠጋኙ ከየት እንደሰማ ግራ ቢገባን፣ የአክስቴ ልጅ ስልኬን ፈትሾ የመልእክት አካውንቴ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይም ተከፍቶ አገኘው። ያኔ ትዝ አለኝ። ጠጋኙ "መሥራቱን ላረጋግጥ፣ የመክፈቻ ቁጥርሽን ጻፊልኝ" ብሎኝ በወረቀት ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። በዚያ ስልኬን ከፍቶ መልእክቴን ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶታል። ቁልፉን በገዛ እጄ አስረክቤ በሩ ዝግ ነው ብዬ ኖሬያለሁ!

ሄጄ ፊት ለፊት ጠየቅሁት። አላፈረም።

"አንቺ ደግሞ! ለቅሶ መድረስ ነውር ሆነ? ነውርስ እናንተ እሷን መደበቃችሁ!" አለኝ። ቀጥሎም፣ "ያ ወንድምሽ ግን ድምፁ እንዴት ያምር ነበር!"

ለካ የድምፅ መልእክቱንም ሁሉ ሰምቷል። ሰዒድ አሠሪው ሲሰድበው፣ አገሩ ሲናፍቀው፣ እያለቀሰ ለእኔ ብቻ የነገረኝን ይህ ሰው ሻዩን እየጠጣ አዳምጦታል። አካውንቴን ከኮምፒውተሩ አስወጣሁ፤ የወንድሜን ድምፅ ከጆሮው ግን በምን አስወጣዋለሁ?

ለእናቴ አልነገርኳትም። የልጇን ለቅሶ ባዳ እንደ ሬዲዮ ከፍቶ ሲሰማው እንደከረመ ብታውቅ ሁለተኛ መርዶ ነው። እሷ የተቀየመችው እኛን ነው። "የወለድኳቸው ሲደብቁኝ ባዳው ደረሰልኝ" ትላለች። ዱዓ ስታደርግም ስሙን ጠርታ ትመርቀዋለች።

እኔም ምራቄ እየመረረኝ፣ አጠገቧ ተቀምጬ "አሚን" እላለሁ።