የጋሽ ጆሮ የቻይንኛ ውጤት

ሰውየውን በማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚያውቀው የደመወዝ ሰነዱ ብቻ ነበር። ለሌላው ሁሉ «ጋሽ ጆሮ» ነው። ቅጽል ስሙን በብቃቱ ነው ያገኘው። ሃያ ሁለት ዓመት አብሮት የኖረው ትልቁ ማሽን ማቃሰት ሲጀምር ቆሞ ያዳምጥና «ሦስተኛው ሮለር ደርቋል፤ ዘይት ስጡት» ይላል። ሲከፈት እውነትም ደርቆ ይገኛል። መሐንዲሶች መሣሪያቸውን ዘርግተው ግማሽ ቀን ፈልገው ያጡትን ሕመም እሱ የሻይ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ ይነግራቸው ነበር። በዚህም ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው፤ አይፈረድበትም።

ይህ ጆሮ ታዲያ የሥራ ሰዓት ነበረው። ከማተሚያ ቤቱ በር ሲወጣ ይዘጋል። ቤት ውስጥ የሚጮኽ ነገር ሁሉ የሚስቱ ነው። በሩ ሲንኳኳ የሷ፣ ድስቱ ሲገነፍል የሷ፣ ልጆቹ ሕፃናት ሳሉ ሲያለቅሱም የሷ ነበሩ። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው ባይታወቅም ማን እንደተመቸው ይታወቃል። ሕጉ የሚጸናውም ሶፋው ላይ ተንጋሎ በሚነገር አንድ ቃል ነው፤ «እኔ ሥራ ውዬ ደክሞኛል፤ እስቲ አንቺ እዪው።»

አንድ ቀን አሮጌው ማሽን ተነቀለና በቦታው ከቻይና የመጣ አዲስ ቆመ። አዲሱ አያቃስትም። የሆነውን ሁሉ የሚናገረው በስክሪኑ ላይ ነው፤ ስክሪኑ ደግሞ ከቻይንኛ ሌላ ቋንቋ አያውቅም። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስቦ መፍትሔውን በሠላሳ ስላይድ አስረዳ። የመፍትሔው ስም «ቅይጥ ትምህርት» ነው። ግማሹ በስልክ፣ ግማሹ በክፍል ማለት ነው። ዘወትር ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮኻል፣ ተማሪው ከስልኩ ጋር ይነጋገራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ መምህርት ትመጣለች።

«ከአራት ወር በኋላ አንደኛ የወጣ ማሽኑን ይረከባል» አለ ሥራ አስኪያጁ። «የቀረው ወረቀት ይጭናል።»

የጋሽ ጆሮ ልብ ስንጥቅ አለ። ወረቀት መጫን ማለት ትናንት ያሠለጠነው ልጅ «ጋሼ፣ ቶሎ በሉ እንጂ!» እያለው እንደ መጋዣ ሲሸከም መዋል ነው። ከዚያስ ሞቱን መረጠ።

የመጀመሪያው ምሽት ስልኩ ጮኸ። «ድምፅዎን ለመመዝገብ የሚከተሉትን ሃያ ዓረፍተ ነገሮች ጮክ ብለው ይድገሙ» አለ። ጮክ ብሎ! ከግድግዳው ማዶ የሚኖረው ጸጉር አስተካካይ ነው፤ የሰማውን ነገር ሁሉ በማግስቱ ከደንበኛው ጸጉር ጋር የሚበትን ሰው። ጋሽ ጆሮ በዚህ ዕድሜው እንደ ጫጩት ሲንጫጫ ሊሰማ ነው? የሚጮኸው ነገር ደግሞ በቤቱ ሕግ የማን እንደሆነ የታወቀ ነው። ልብስ ታጥፍ ለነበረችው ሚስቱ ስልኩን ዘረጋላት።

«እኔ ሥራ ውዬ ደክሞኛል፤ እስቲ አንቺ አናግሪው።»

«የኔን ድምፅ?»

«ማሽን ምን ያውቃል?» አለ የማሽን ሊቁ።

መጀመሪያ ሳቀች። ሃያውን ስትጨርስ ግን ስልኩ «በጣም ጎበዝ!» አላት። በዚህ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ከሰማች ቆይታለች። በማግስቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እጇን አድርቃ ስትጠብቀው ተገኘች። ከስምንተኛ ክፍል ተነስታ የተዳረች ሴት ናት፤ ያቋረጠችው ትምህርት የተመለሰላት መሰላት። በወር ውስጥ ድስቱ፣ በሩ፣ መጥረጊያው ሁሉ በላያቸው ቻይንኛ የተጻፈባት ወረቀት ተለጠፈባቸው።

«ይሄ ሁሉ ቆሻሻ ምንድነው?» አላት።

«ያንተ ትምህርት» አለችው።

ጋሽ ጆሮ «ውኃ» ተብሎ ከተጻፈበት ማንቆርቆሪያ አራት ወር ሙሉ እየቀዳ ጠጣ፤ የውኃን ቃል ግን አልቀመሳትም።

በማተሚያ ቤቱ ኮሪደር ላይ የየሳምንቱ ውጤት ይለጠፋል። ጋሽ ጆሮ ዘጠና ስምንት። የሚከተለው ወጣት ስድሳ አንድ። ሥራ አስኪያጁ ፎቶውን በትልቁ አሳትሞ በር ላይ ሰቀለው። ወጣት ሠራተኞቹ ከበው ዘዴውን ሲጠይቁት «ቋንቋ ማለት ጆሮ ነው» ይላቸዋል፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ችግሩ ቅዳሜ ነው። መምህርቷ የድምፁን መውጣትና መውረድ በእጇ እያሳየች ትጠይቀዋለች። እሱ ይስላል። ደግማ ስትጠይቀው መስኮቱን ያያል።

«ጋሼ፣ ቤትዎ እንዲህ ጎበዝ ሆነው እዚህ ምን ነካዎት?»

«ሰው ፊት እፈራለሁ።»

መምህርቷ የዋህ አልነበረችም። ለሥራ አስኪያጁ «ይህ ሰው ሰላምታ እንኳ አይችልም» ብላ ጻፈች። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤዋን አንብቦ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። «መምህር ይሳሳታል፤ ሲስተም አይሳሳትም» አለ። ዘጠና ስምንቱን ለበላዮቹ ሪፖርት ካደረገ ሰንብቷል።

ጋሽ ጆሮ ለራሱ የሚነግረው ነገር ነበረው። አንድ ምሽት አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገር በአንዴ ከሷ ይቀዳል። ያቺ ምሽት አልመጣችም፤ ሁልጊዜ ደክሞት ነበር።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ማሽኑን የሚያስረክበው ቴክኒሺያን ለሦስት ቀን ብሎ ከቻይና መጥቶ ከጠዋት ጀምሮ በምልክት ሲነጋገር እጁ ዝሏል። ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከድምፅ ማጉያ ጋር ተገጠመ። ፈተናው እንዲከፈት ተማሪው አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር አለበት። ጋሽ ጆሮ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ፊደል መዳፉ ላይ አስጽፎ መጥቷል፤ አሁን ዘርግቶ ሲያየው ላቡ አጥቦታል። ትዝ ያለውን ያህል አጉረመረመ።

ስልኩ አዳራሹን በሞላ ድምፅ፣ ጥርት ባለ አማርኛ መለሰ። «ይህ የተማሪው ድምፅ አይደለም። እባክዎ ተማሪውን ያቅርቡ።»

ደገመ። ስልኩም ደገመ። ከኋላ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፣ ከዚያ አዳራሹ ሙሉ ተንጫጫ። የሥራ አስኪያጁ ፊት አመድ መሰለ። ያስደነገጠው ማጭበርበሩ አልነበረም፤ ዘጠና ስምንቱ ነው። ጠጋ ብሎ ሹክ አለው።

«የማን ድምፅ ነው?»

«የ... የባለቤቴ።»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? ሂድና አምጣት!» እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «እርስዎ» ነበር የሚለው።

ሚስትየው እጥበቷን ጥላ እጇን በቀሚሷ እያደራረቀች ገባች። አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረች። ስልኩ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ተከፈተላት። ቴክኒሺያኑ ከወንበሩ ብድግ ብሎ አንድ ነገር ጠየቃት፣ መለሰችለት፤ እሱ ሲቀጥል እሷም ቀጠለች። ያላወቀችውን ቃል በእጇ ትጠይቃለች፣ ያርማታል፣ ትደግመዋለች። ስክሪኑ ፊት ወሰዳት፤ እያነበበች ስትነካካው ማሽኑ ተነሳ። ጋሽ ጆሮ ቀና። በቻይናዊው አይደለም የቀናው። ሰውየው እሷን በሚያዳምጥበት አኳኋን ነው። በሠላሳ ዓመት ትዳር ውስጥ እሱ አንድ ቀን እንደዚያ አላዳመጣትም፤ እዚያው ቆሞ ሲያስበው አንገበገበው።

ሥራ አስኪያጁ በዚያው ቀን የቅጥር ደብዳቤ ጻፈላት። ለበላዮቹም «ትምህርታችን ቤተሰብን ያሳተፈ ነው» ብሎ አዲስ ሪፖርት ላከ። በሩ ላይ ያለውን ፎቶ አስወርዶ ቁጥሩን ግን እንዳለ ተወው። ጋሽ ጆሮ ወደ ወረቀት ጫኞች ተዛወረ።

ወደ ቤት ሲሄዱ በመንገድ ላይ ለመናት። «እምቢ ትያቸዋለሽ አይደል? ቦታው እኮ የኔ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት!»

«በዚህ አራት ወር ውስጥ አንድ ቀን "ዛሬ ምን ተማርሽ?" ብትለኝ ኖሮ እምቢ እላቸው ነበር» አለችው።

ሰኞ ሥራ ጀመረች። እሱ ወረቀት ያቀብላል፣ እሷ ስክሪን ታነባለች። ማሽኑ ጢው ባለ ቁጥር እጁ ከልማዱ ይዘረጋና «ተወው፣ አየሁት» ስትለው ይመለሳል። ማታ ቤት ገብታ ሶፋው ላይ፣ እሱ የሚንጋለልባት ቦታ ላይ፣ እግሯን ዘርግታ ጋደም አለች። አንድ ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ። ሁለተኛው ደረጃ ተጀምሯል። ጋሽ ጆሮ እንደ ልማዱ ወደ እሷ ተመለከተ።

«እኔ ሥራ ውዬ ደክሞኛል፤ እስቲ አንተ እየው።»

ተነሳና ስልኩን አንስቶ ወደ ግድግዳው ጥግ ሄደ፤ ጉሮሮውንም ጠረገ። ማዶ ጸጉር አስተካካዩ ወሬውን ሲያቆም ተሰማው።

«ኒ ሃኦ» አለ፣ ጮክ ብሎ።

«ይህ የተማሪው ድምፅ አይደለም» አለ ስልኩ።

ከሶፋው ላይ ዓይኗን ሳትገልጥ «እውነቱን ነው» አለች።