የመደዳችን በር ሲዘጋ

ዲላ ላይ፣ ወደ ይርጋ ጨፌ የሚወስደውን አስፋልት ይዞ ገመድ፣ ሚስማር፣ ገጀራና የቡና ጆንያ የሚሸጥበት አንድ የሱቅ መደዳ አለ። ከመደዳው አንዱ ሱቅ የእኔ ነው። አባቴ ከፍቶት፣ እሱ ሲያርፍ እኔ ገባሁበት። ከእኔ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት፣ ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ በአባቴም ጊዜ እዚያው ነበሩ። ግድግዳችን አንድ፣ ዕቃችን አንድ፣ ደንበኛችንም አንድ። እንግዲህ ሰላም ከየት ይምጣ?

ሽማግሌው በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር የመጡ ናቸው። ጌዴኦኛ ግን ከእኔ ከጌዴኦዋ አጥርተው ይናገራሉ። እኔ ከተማ ተወልጄ በአማርኛ ያደግሁ ነኝና ከቡሌ የወረደ ገበሬ ሲያናግረኝ ቃል ፍለጋ እንተባተባለሁ፤ እሳቸው የሰውየውን ልጆች፣ የእንሰቱን ደህንነት፣ የታመመች ላሙን ሁሉ ጠይቀው ሲያበቁ ገመዱ ተቆርጦ ተጠቅልሏል። ይሄ ያናድደኝ ነበር። ደንበኛ ከእኔ ደጃፍ ተነሥቶ ወደ እሳቸው ሲያልፍ "ስንት አለችህ?" ብለው ሲጠይቁት በግድግዳው በኩል እሰማለሁ፤ ከዚያ ትንሽ ይቀንሱለታል። በማግስቱ እኔም እቀንሳለሁ። አንዳንዴ ለቀናት "እንዴት አደሩ" የምንባባለው ከአንገት በላይ ብቻ ነበር።

ለበሩ ግን ሌላ ሕግ ነበረን። ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ አባቴም ደርሶበት ነው። የመደዳችን ሰው መንገድ ሲሄድ፣ ሲታመም፣ ልጅ ሲድር ሱቁን አይዘጋም። ቁልፉን ለጎረቤቱ ይሰጣል፤ ጎረቤትየውም ጠዋት ከበሩ ሁለት ተካፋች አንዱን ብቻ ይከፍትለታል። አንድ ተካፋች ብቻ ተከፍቶ ያየ ሰው ባለቤቱ ደህና እንደሆነ፣ ለጊዜው እንደሌለ ብቻ ያውቃል። እሁድ ጠዋት ቸርች ስሄድ የእኔን አንድ ተካፋች የሚከፍቱልኝ እኚሁ ሽማግሌ ነበሩ። በዚያ ሰዓት ደንበኛ ቢመጣብኝ የራሳቸውን ገመድ አይደለም የሚሸጡለት፤ የእኔን ገመድ፣ በእኔ ዋጋ ነው። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ወደ ፉክክራችን እንመለሳለን።

ጠዋት ረፍዶ ሁለቱም ተካፋች እንደተዘጉ ከቀሩ ግን ትርጉሙ አንድ ነው፤ ከዚያ ቤት ሰው ሞቷል። መልእክተኛ አይላክም። ጎረቤት ያያል፣ የራሱን ይዘጋል፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም ይዘጋል፤ መደዳው በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ለቅሶው ይሄዳል። ሬሳው ሳይቀበር የሚከፍት የለም። አባቴ ያረፈ ቀን እኛ ገና ለዘመድ ሳንናገር ደጃችን መጀመሪያ የደረሱት እኚያው በዋጋ የሚናከሱት ሰው ነበሩ።

አስፋልቱ ሰፍቶ መብራት ከተተከለ በኋላ ለመንገድ ዳር ሱቆች ደንብ ወጣ። የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች አዳራሽ ጠርተው ነገሩን። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ክፍት መሆን ግዴታ ነው፤ ያለ ፈቃድ የዘጋ ይታሸጋል። ነጋዴዎች ተስማምተው አብረው ከዘጉ ደግሞ አድማ ነው፤ ነጋዴ መወዳደር እንጂ መመሳጠር አይፈቀድለትም። መወዳደር የሚለውን ስሰማ ሳቄ መጣ። ደንቡን ያወጣው ሰው እኔና ጎረቤቴን መጥቶ ቢያየን ኖሮ ሽልማት በሰጠን ነበር።

ያስረዳን ወጣት ኃላፊ በትዕግሥት ነበር የተናገረው፤ ምክንያቱም ባዶ አልነበረም። ዘይት በጠፋበት ሰሞን ተመካክረው የዘጉና ዋጋ የሰቀሉ ነጋዴዎች እንደነበሩ እናውቃለን። እኔ ራሴ ለልጆቼ ዘይት ፍለጋ የተዘጋ በር ሳንኳኳ ውያለሁ። ስለዚህ አጨበጨብኩ።

ጎረቤቴ ግን እጃቸውን አውጥተው "ለቅሶስ?" አሉ። ኃላፊው፣ ቤተሰብ የሞተበት ነጋዴ የቀበሌ ማስረጃ ይዞ መዝጋት እንደሚችል፣ ጎረቤት ግን በየተራ ሄዶ ያስተዛዝን እንጂ መዝጋት እንደማይችል መለሰላቸው። አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ።

ገጀራና ጆንያ የሚገዛ ሰው ከገደብም ይምጣ ከቡሌ፣ ቀትር ካለፈ መኪና ፍለጋ ይሄዳል። ሲመሽ አስፋልቱ ላይ የሚቀሩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ለእነሱ ሚስማር ምን ያደርግላቸዋል? ቢሆንም መብራታችንን አብርተን እንቀመጥ ነበር። ለእኔ ልጆቼ ራት ሱቅ ድረስ ያመጡልኛል። እሳቸው ግን ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ አንድ ልጃቸው ሐዋሳ ነው የሚኖረው። ቀድሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ዘግተው በዝግታ ወደ ቤታቸው ይወጡ ነበር። አሁን እስከ ሦስት ሰዓት ያለ ደንበኛ ይቀመጣሉ፤ እግራቸው ያብጣል። ልጃቸው የንግድ ፈቃዳቸውን መልሰው ወደ እሱ እንዲመጡ እየደወለ ይለምናቸዋል። አንድ ምሽት አሳዘኑኝና ቁልፉን ሰጥተውኝ እንዲያርፉ፣ ሱቃቸውን እኔ እንደምጠብቅላቸው ነገርኳቸው።

"እኔ ከዚህ በር ከተነሣሁ የምቀመጥበት የለኝም" አሉኝ። "ሐዋሳ ሄጄ የሰው ሳሎን ውስጥ ዕቃ ልሁን?"

እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጡም። ያንን ያሉኝ በለሆሳስ ነው፣ እንደ ሚስጥር። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ሱቃቸውን የሚጠብቁት ለትርፍ እንዳልሆነ ገባኝ። ዋጋ ሲቀንሱብኝ እንኳ ንዴቴ ቀለል አለ፤ ጨርሶ ጠፋ ብል ግን እዋሻለሁ።

የቡና ለቀማ በደራበት ሰሞን አንድ ጠዋት ጆንያዬን ደጅ ሳወጣ የጎረቤቴ በር ዝግ ነው። ደንቡ ያወጣው ሰዓት አልፏል። በለቀማ ሰሞን ከወፍ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ነበሩ። ትንሽ ጠበቅሁ። ከመደዳው ጫፍ ያለው ልብስ ሰፊ መጥቶ መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ቁልፍ ሰጥተውኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልሰጡኝም። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ከዚያ ቤት ሌላ የሚሞት ሰው የለም። አንዱን ተካፋች ዘጋሁ፤ ሁለተኛውንም ዘጋሁ። ደንቡ ትዝ ብሎኛል፤ እጄ ግን አልቆመም። ስልክ መደወል ማንም አላሰበም። በሩ ከተናገረ በኋላ ማን ስልክ ይጠይቃል?

ቤታቸው ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው። እኛ ሴቶቹ ግቢው ሳንደርስ ማልቀስ ጀመርን። የእኔ ለቅሶ የይሉኝታ አልነበረም። በግድግዳ በኩል ስሰማው የኖርኩት ድምፅ ከእንግዲህ እንደማይሰማኝ እያሰብኩ ነበር ያለቀስኩት። ከመካከላችን አንዷ ደረቷን እየመታች የግቢውን በር ስትገፋ የቤቱ በር ተከፈተና ጋሼ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ፊታቸውን ሳይታጠቡ ወጡ።

እግራቸው ሲጠዘጥዛቸው አድሮ ሊነጋ ሲል ነበር እንቅልፍ የጣላቸው። ይሄን በኋላ ነው ያወቅነው። ያን ጊዜ እኛ ደርቀን ቆምን። እሳቸው ደግሞ መደዳው በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጃቸው ቆሞ ሲያዩ ከእኛ መካከል ሰው የሞተ መሰላቸው።

"ማን ነው? ማን ነው የሞተብኝ?" እያሉ ማልቀስ ጀመሩ።

እያለቀሱ ፊታችንን አንድ በአንድ ያያሉ፤ የጎደለውን ሰው እየፈለጉ ነው። የጎደለ የለም። ሁላችንም አለን። መናገር ያለበት ሰው እኔ የሆንኩ ያህል ሁሉም ዞረው አዩኝ።

"ጋሼ፣ እርስዎን ብለን ነው የመጣነው" አልኳቸው። "በርዎ ተዘግቶ አይተን።"

ደጃፋቸው ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ልብስ ሰፊው ሳቅ አመለጠው፤ ከዚያ ሌሎቻችንም እንባችንን ሳንጠርግ ሳቅን። እሳቸው ሁላችንም ዘግተን መጥተን እንደሆነ ጠየቁ። አዎ አልናቸው። ወደ እኔ ዞረው "አንቺም?" አሉኝ። መጀመሪያ የዘጋሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ። ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ግድግዳ ስንኖር ስመውኝ አያውቁም ነበር።

ወደ መደዳው ስንመለስ በየበራችን ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። ደንቡ ከወጣ ብዙ ሳይቆይ፣ ያውም በቡና ሰሞን፣ መደዳው በሙሉ በአንድ ጠዋት ሲዘጋ ከሩቅ ለሚያይ አድማ ነው። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያ ባልኩ ነበር። ተያይዘን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድን፤ ጋሼም እያነከሱ ተከተሉን።

የተቀበለን ያው አዳራሹ ውስጥ ያስረዳን ወጣት ኃላፊ ነው። ለቅሶ ሄደን እንደነበር ስንነግረው ማን እንደሞተ ጠየቀን። የሞተ ሰው እንደሌለ ሲሰማ ያሾፍንበት መሰለውና ፊቱ ተለዋወጠ። ልብስ ሰፊው ስለ ተካፋቹ፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ ልማዱ ከሥር ጀምሮ አስረዳው። ወጣቱ እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ ያንን አልክድበትም። ልማዱ የሚከበር እንደሆነ፣ ሪፖርቱ ግን ወደ በላይ አካል እንደሄደ፣ ሁለተኛ አብረን ላለመዝጋት ፈርመን መክፈት እንደምንችል ነገረን። መዝጋቱን የጀመረው ሰው ሱቅ ግን እንደታሸገ ይቆያል፤ የንግድ ፈቃዱም እንደገና ይታያል። ከዚያ መጀመሪያ የዘጋው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

አፌን ልከፍት ስል ጋሼ ተነሡ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ተዘግቶ የረፈደው የእኔ በር ነው። እሷ የእኔን አይታ ነው።"

ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሳቸውን እንቅልፍ እንደጣላቸው እንጂ ሰው እንዳላሳደሙ ሊያስረዳቸው ሞከረ።

"ልጄ፣ መጀመሪያ የተዘጋ በር ነው የጠየቅኸው" አሉት። "የእሷ ልጆች ከዚያ ሱቅ ነው የሚበሉት። እኔን ልጄ ያበላኛል።"

ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ፈቃዳቸውን እንደሚመልሱ ተናገሩ። እኔ እየጮህኩ ተነሣሁ፤ መጀመሪያ የዘጋሁት እኔ ነኝ አልኩ፤ ምን ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ሐዋሳን፣ የሰው ሳሎንን እያሰብኩ ነበር። ጋሼ ዞር ብለው አዩኝ።

"ተቀመጪ" አሉኝ። "አልቅሰሽልኛል። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?"

ልብስ ሰፊው ክንዴን ጎትቶ አስቀመጠኝ። ወጣቱ ቁልፉን አልነካውም። ከዚያ ወረቀት አመጣና ሁላችንም ፈረምን።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ ከየበራችን ተነሣ፤ ከእሳቸው በር ግን አልተነሣም። ዕቃቸውን የሚያወጡበት ቀን ተሰጣቸው፤ ልጃቸውም በስልክ በዚያው ሳምንት መጥቶ እንደሚወስዳቸው ነገራቸው። እሳቸው ወደ ቤት አልሄዱም። በእኔ ደጃፍ የጆንያ እስር ላይ ተቀመጡ። አንድ ከቡሌ የመጣ የቆየ ደንበኛቸው በሩን አይቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ጋሼ በጌዴኦኛ ብዙ አወሩለት። ከዚያ ወደ እኔ ላኩት፤ ገመድ ከእኔ እንዲገዛ፣ እንደማልጎዳው ሲነግሩት ገባኝ። ገመዱን ስቆርጥ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ልኩን ማየት አቃተኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ብድግ አሉ። ልሸኛቸው ነጠላዬን ሳነሣ ከአስፋልቱ ማዶ ሁለት የደንብ አስከባሪዎች ቆመው መደዳውን ያያሉ።

"ተዪ፣ በርሽን ጠብቂ" አሉኝ ጋሼ።

እያነከሱ በመደዳው ፊት አለፉ። በየበሩ ቆም እያሉ "ደህና እደሩ" ይላሉ፤ ከየሱቁም "ደህና ይደሩ ጋሼ" እየተባለ ይመለስላቸዋል። ጠዋት ለሬሳቸው ብለን ዳገቱን ሞልተን የወጣን ሰዎች ነን። ያን ምሽት ግን ሁላችንም በየበራችን ቆመን፣ ዳገቱን ብቻቸውን ሲወጡ ከኋላ አየናቸው።