በብሩኖ ብስክሌት የዋልኩበት እሁድ

ባለፈው እሁድ አትላንታ አጠገብ ሊልበርን የምትኖረው ልጄ ቤት ነበርኩ። የልጅ ልጄ ኬክ በሳህን ይዛ መጣችና «አባባ፣ ትፈልጋለህ?» አለችኝ። በቃኝ የኔ ቆንጆ አልኳት። «ኦኬ» ብላ ሳህኑን ይዛ ሄደች። ከማለዳ ጀምሮ ኢስት ፖይንት፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ መንገደኛ በሹትል መኪና ሳመላልስ ውዬ እህል በአፌ አልዞረም ነበር። ኬኩን በዓይኔ ሸኘሁትና ሳቄ መጣ። ጣሊያን አገር የሆንኩት ትዝ ብሎኝ ነው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የአሜሪካ ጉዳዬ እስኪያልቅ ኡምብሪያ በሚባል ኮረብታማ አገር፣ ሲኞር ብሩኖ የሚባሉ ሽማግሌ የወይን እርሻ ላይ እሠራ ነበር። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም። ጉዞዬ ሲቃረብ አንድ ማታ፣ ፎቁ ባዶ ነው፣ እዚሁ ቅርና እርሻውን አብረን እንያዝ አሉኝ። በደስታ የምሆነውን አጣሁ። ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ መንገድ ታክቶኛል፤ ደግሞ ሌላ ባሕር ተሻግሮ ሌላ ቋንቋ መጀመር ሳስበው ራሱ ያደክመኝ ነበር። ግን ትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰጥ ተንደርድሮ መቀበል ነውር ነው። ስለዚህ አይ፣ አላስቸግርዎትም አልኩ። እንዲለምኑኝ ነው እንግዲህ። እሳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ወይናቸውን መጠጣት ቀጠሉ። እኔም ሁለተኛውን ጥያቄ ስጠብቅ ሰነበትኩ።

በእሁዱ መጠበቁ ሲሰለቸኝ ብስክሌታቸውን ተውሼ ብቻዬን ወጣሁ። ወይኑ ለለቀማ ደርሷል፣ መንገዱ ዳር የበሰለ በለስ ይሸታል። ብስክሌቱ ማርሽ የሌለው፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የከበደ ነው። ዳገቱን እየገፋሁት፣ ቁልቁለቱን እግሬን ዘርግቼ እየወረድኩ፣ አንዱን ኮረብታ ስጨርስ ሌላው ፊቴ ይቆማል። የሚጠብቀኝ ስለሌለ አልቸኮልኩም። የወይራ ጥላ ባገኘሁ ቁጥር እጋደማለሁ። ድካሙ ደስ የሚል ድካም ነበር፤ እንደዚያ ያለውን ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም።

ቀትር ላይ ኮረብታ አናት ላይ ካለ ቤት ደረስኩ። ቤተሰቡ ደጅ ዛፍ ሥር ለምሳ ተቀምጧል። ትኩስ ዳቦ፣ በዘይት የራሰ ባቄላ፣ የተጠበሰ ዶሮ። እመቤቲቱ ተነስተው፣ ና ተቀመጥ፣ ብላ አሉኝ። አንጀቴ በረሃብ ታጥፏል፤ አፌ ግን በልቻለሁ፣ አመሰግናለሁ አለ። ሴትዮዋ ፈገግ ብለው ውሃ ሞሉልኝና መልካም መንገድ ተመኙልኝ። እኔ ግን አልሄድኩም። ሰንሰለቱ የላላ አስመስዬ ተንበርክኬ ነካካሁት፣ ጎማውን ጫን ጫን አደረግኩ። እንዲደግሙኝ ጊዜ መስጠቴ ነው። ሴትዮዋ መጥተው ተበላሸ እንዴ አሉኝ፤ ሌላ ምንም አላሉም።

ቁልቁለቱን ግማሽ ወርጄ የሰው በለስ እየለቀምኩ ስበላ ነው ነገሩ የገባኝ። በዚህ አገር አልፈልግም ያለ ሰው አልፈለገም ማለት ነው። ብሩኖም ደግመው አይጠይቁኝም። ብስክሌቱን አዙሬ፣ ስንፏቀቅ የመጣሁበትን መንገድ ሁሉ እያለከለክሁ ተመለስኩ። ስደርስ ብሩኖ በራቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ሲኞር፣ መቅረት እፈልጋለሁ» አልኩ።

«ትናንት እርሻውን አብሮኝ እንዲይዝ ለእህቴ ልጅ ቃል ሰጠሁ። አንተ እኮ አይ ብለኸኛል» አሉኝ።

«አንድ ጊዜ ነው ያልኩት።»

«ስንት ጊዜ ልትል ነበር?»

እሳቸውም እንዳዘኑ ፊታቸው ያስታውቃል። በወሩ አትላንታ ገባሁ።

አልተበደልኩም። ወልጃለሁ፣ እዚሁ ሊቶኒያ ቤት ገዝቻለሁ። ጠባይ ግን አገር ስለቀየሩ አይለቅም። ባለፈው እሁድ ልወጣ ስል ልጄ ፊቴን አየችና «አባዬ፣ ደክሞዎታል። ለምን ሥራውን ትተው እዚህ እኛ ጋ አይሆኑም?» አለችኝ።

«ኧረ ምን ደክሞኝ» አልኳት።

እሷ እዚህ ያደገች ልጅ ናት፣ አልደገመችም። ሳም አድርጋ ሸኘችኝ። «ደክሞኛል» የሚለው ቃል ከአፌ የወጣው ሃይዌይ ላይ ነው፤ መኪናው ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።