የቲቸር ገነቴ አምፖል

ቲቸር ገነቴ ከከምባታ፣ ከዱራሜ መጥታ እኛ ሐዲያ፣ ጊምቢቹ ኬሚስትሪ ስታስተምር፣ ይቅርታ፣ ፕላዝማ ስትጠብቅ ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። በዚያ ዘመን አስተማሪያችን ፕላዝማ የምንለው ቴሌቪዥን ነው። የማናውቀው አገር ሰው በእንግሊዝኛ ይንበለበላል፤ እሷ ጥግ ቆማ ታዳምጣለች። ሲጨርስ አምስት ደቂቃ ይተርፋታል፤ ያም ስም ስትጠራ ያልቃል።

ዘመድ አልነበራትም። ሐዲይኛ አትችልም፤ ከምባትኛዋን ደግሞ የሚሰማላት የለም። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አከራይዋ እትዬ ዓለሚቱ ከግድግዳው ማዶ ወሬ ሰምታ፣ እንግዳ የመጣባት መስሏት ቆሎ ይዛ ገባች። እንግዳ የለም። ገነቴ ለባዶ ወንበር ስለ ጨው ታስረዳለች።

ሰው ሁሉ መብራት እንዳይጠፋ ሲጸልይ እሷ እንዲጠፋ ትጸልይ ነበር። ያውም ለአንድ ቀን ብቻ፣ የአዮኒክ ውህዶች ትምህርት ለሚደርስበት ቀን። አራት ባትሪ ድንጋይ፣ የእጅ ባትሪ አምፖል፣ ሽቦና ከአሮጌ ድንጋይ የወጡ ሁለት የካርቦን ዘንጎች በካርቶን አዘጋጅታለች። መብራት ግን እልኸኛ ነው፤ በሒሳብም በታሪክም ይጠፋል፣ በዚያ ቀን ግን ሲበራ ይውላል።

በእኛ ዓመት ጠፋ። ሰውየው ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ ድርግም! ቲቸር ገነቴ ካርቶኗን አወጣች። ብርጭቆ ውስጥ ደረቅ ጨው ጨምራ ዘንጎቹን ሰካችበት። አምፖሉ ጭል አላለም።

«አያችሁ? ጨው ውስጥ ቻርጅ ያላቸው አዮኖች ሞልተዋል» አለች በአማርኛ። «ግን ተያይዘው ተቀምጠዋል፤ ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። ስለዚህ ኤሌክትሪክ አያሳልፉም። ውሃ ሲገባ ይላቀቃሉ፣ ይሄዳሉ። ያን ጊዜ እዩ!»

ኬሚስትሪ እንደዚያ ገብቶኝ አያውቅም። ድምጿ ደግሞ እንዴት ያምር ነበር!

ውሃውን ማፍሰስ ስትጀምር መብራት መጣ። የክፍል አለቃችን ፍሬው ዘሎ ፕላዝማውን ከፈተ። ሰውየው እዚያው ሙከራ ላይ ደርሷል፤ አንድ ትልቅ አምፖል ቦግ አደረገ። ክፍሉ በሙሉ «ኧረ!» ብሎ ወደዚያ ዞረ።

እኔ የፊት ወንበር ላይ ስለነበርኩ አየሁ። የእሷም በርቶ ነበር፤ ደብዘዝ ብሎ፣ ግን በርቶ። አጎንብሳ ፈገግ እያለች ታየዋለች። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። አንድ ሰው እንዲያይላት ነበር ስድስት ዓመት የጠበቀችው።

አፈርኩ መሰለኝ፣ እኔም አንገቴን ወደ ፕላዝማው መለስኩ።