ያጠብኳት ልጅ የጻፈችው ማስረጃ

ይህ የሆነው አምና ግንቦት ላይ ነው። ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ብዙ ነገር ይረሳኛል። ይህን ግን አልረሳሁትም። በገዛ እጄ አጥቤ ለቀብር ያዘጋጀኋት ልጅ «ደህና ነኝ» ብላ የጻፈችውን በዓይኔ አንብቤያለሁ።

የልጅ ልጄ ሀያት ትባላለች። ባሏ ጀማል ካናዳ ነው የሚሠራው። መጥቶ እዚሁ ሐይቅ ከተማ ኒካህ አሰሩ፣ ሁለት ወር አብረው ኖሩ፣ ከዚያ ተመለሰ። ሀያት አርዲቦ ከሚባለው ባሕር ዳር ካለው ከአማቷ ቤት ገባች። እዚያ ቤት የጀማል ታላቅ እህት ጦይባ ነበረች። የሀያት መታወቂያ ገና ወደዚያ ቀበሌ ስላልተዛወረ የባንክ ደብተር ማውጣት አልቻለችም። ስለዚህ ጀማል ገንዘቡን ሁሉ በጦይባ ስም ይልካል፣ ጦይባ ደግሞ ለሀያት ድርሻዋን ታካፍላለች።

ጦይባ ካቻምና ሐምሌ ላይ ሞተች። ሳል ነው፣ ብርድ ነው ሲሉ ሳምንት አልቆየችም። አላህ ይዘንላት፣ ካጠቧት ሴቶች አንዷ እኔ ነበርኩ።

ከቀብር መልስ እናቷ ፋጡማ ሰዉን ሁሉ አስማለች። «ለጀማል ማንም ትንፍሽ እንዳይል። በሰው አገር ብቻውን ሰምቶ ምን ይውጠዋል? ጊዜ እስኪገኝ ይቆይ» አለች። ይህ በኛ አገር ያለ ነው። መርዶ ሰዓት አለው፣ ነጋሪ ሽማግሌ አለው። ዝም አልን። ጥቂት ወራት ሲያልፉ የነገሩት መሰለኝ። አልጠየቅኩም።

በግንቦት ጀማል ሀያትን ለመውሰድ ማመልከቻ ያዘጋጅ ጀመር። የዚያ አገር መሥሪያ ቤት ጋብቻው የእውነት ለመሆኑ የገንዘብ ማስረጃም ይፈልጋል፦ ባል ሚስቱን የረዳበት ደረሰኝ፣ የባንክ ወረቀት፣ ይህን የመሰለ። ጀማል ያለውን ሁሉ ሐይቅ ከተማ ላለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት በስልክ ላከ። እኔ የቤተሰብ ምስክር ሆኜ እንድፈርም ሀያት ይዛኝ ሄደች።

እኔ ሳላነብ አልፈርምም። በወጣትነቴ ባላነበብኩት ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን አሳርፌ መሬቴን ተነጥቄያለሁ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩት በዚያ ቁጭት ነው።

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ጸሐፊ ልጅ ሳቀችብኝ። «እማማ፣ ስልሳ ገጽ ነው እኮ! እርስዎ እስኪጨርሱት ሀያት አርጅታ ትሄዳለች።»

«ታርጅ። አንቺ ሻይሽን ጠጪ» አልኳትና በጣቴ እየተከተልኩ ማንበብ ጀመርኩ።

ከፊት ደረሰኞች ናቸው። ከኋላ ጀማልና እህቱ በስልክ የተጻጻፉት ታትሟል፤ የሚስቱ ገንዘብ በእህቱ ስም ለምን እንደሚላክ እንዲያስረዳ መሆኑ ነው። «ደርሶኛል፣ ለሀያት ሰጥቻታለሁ» ይላል። ከላዩ ጦይባ የሚል ስም አለ። ቀጥሎ ያለው፣ «እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ብቻ ነው፣ ከአጥንቴ አልወጣ አለኝ» ይላል።

ቀኑ በፈረንጅ ነው። «ይሄ በኛ መቼ ነው?» አልኩ።

ልጅቷ ቆጠረች። «ጥቅምት።»

«የቱ ጥቅምት?»

«የዘንድሮው ነዋ።»

በጥቅምት የጦይባ መቃብር ሣር አብቅሎ ነበር። ወረቀቱን ገለጥኩ። ኅዳር። ታኅሣሥ። ጥር። ወር በወር ትጽፋለች። ውጭ ፀሐዩ ይፋጃል፣ የኔ ጣቶች ግን ቀዘቀዙ።

መጋቢት ላይ ጀማል እንዲህ ብሏል፦ «ሀያት ተለውጣብኛለች። ስደውል አፏ ይያዛል፣ የምትደብቀኝ ነገር አለ። ልፈታት ነው።» ጦይባ መለሰች፦ «ስታመም አንስታ ያስቀመጠችኝ እሷ ናት። ብትፈታት አፉ አልልህም።»

ቀና ብዬ ሀያትን አየኋት። በሩን ተደግፋ ቆማለች።

«ይሄን ማነው የጻፈው?»

«ጦይባ ናት» አለች፣ ሳትደነግጥ።

«ጦይባን ያጠብኳት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ። የጸሐፊዋ እጅ ከመጻፊያው ላይ ቀረ።

ሀያትን እጇን ይዤ ወደ ውጭ አወጣኋት። እዚያ ማልቀስ ጀመረች። ፋጡማ ማንበብ መጻፍ አትችልም። ከቀብሩ ሳምንት በኋላ የሟቿን ስልክ አምጥታ፣ «እንደሷ አድርገሽ መልሺለት» ብላ ሰጥታታለች። ገንዘቡንም በዚያው ስልክ ነበር የምታወጣው።

«መጀመሪያ ተጨንቄ ነበር የምጽፈው፣ እምዬ። ኋላ ማሰቡን ተውኩ። እጄ ራሱ ያውቀዋል። ፋጡማ ጦይባ ብላ ስትጠራኝም አቤት እላለሁ።»

«ልፈታት ነው ሲልስ የመለስሽው?»

«እሱን የጻፍኩት እኔ ልሁን እሷ፣ አላውቀውም።»

ያለችኝ የልጅ ልጅ እሷ ብቻ ናት። ጋብቻዋም ጉዞዋም በዚያ ወረቀት ላይ መቆሙን አውቃለሁ። ግን ሆዴ እምቢ አለ። «በሟች አፍ ለራስሽ ፈረድሽ። ይሄ ሐቅ አይደለም። መርዶው ሳይነገረው አልፈርምም» አልኩ።

«ይፈታኛል እኮ!»

«ካልፈታሽም አውቆ ይሁን ያልፈታሽ።»

በማግስቱ ንጋት ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ይዤ ከፋጡማ ቤት ደረስኩ። «ልጄን ልትገድዪብኝ መጣሽ?» ብላ በሩ ላይ ቆመች።

«አንቺ ደግሞ ሴት ልጅሽን እንዳትሞት ከልክለሻታል። ዞር በይ» አልኳት። ዞር አለች።

በሀያት ስልክ ደወልን። እሱ ዘንድ ምሽት ነው። ለምን እንደምንደውል የነገረው የለም።

«ጀማል ልጄ፣ አጠገብህ ሰው አለ?» አልኩት።

«አለ፣ እማ ዘይነባ። ሁለት ጓደኞቼን ጠርቻለሁ። ይንገሩኝ።»

እንደ ምንም ነገርኩት። እሱ ከዚያ ማዶ፣ እናቱ ከዚህ አለቀሱ። ሲበርድለት፣ «ከጥቅምት ጀምሮ አውቄው ነበር» አለ። «ልደውልልሽ ስላት ኔትወርክ የለም ትለኛለች። ጦይባ ድምፄን ሳትሰማ ሁለት ቀን አታድርም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ራሱን በራሱ የሚያረዳ ሰው አለ? አጥብቄ ብጠይቅ ያኔውኑ ትሞትብኛለች። መልእክቶቹን ከማስረጃው ጋር የላክሁት፣ እርስዎ ሳያነቡ እንደማይፈርሙ ስለማውቅ ነው። ጓደኞቼንም የጠራሁት ለዚሁ ነው።» ቀጥሎ ሀያትን ጠራት። «ያን ቀን እንዳልፈታሽ የለመንሽኝ አንቺ መሆንሽን እያወቅኩ ነው ፍቺውን የተውኩት» አላት።

የሀያት መታወቂያ ተዛውሮ አሁን በስሟ ደብተር አላት። የጦይባን መልእክቶች ከማስረጃው ውስጥ አስወጣን፣ የሆነውን ሁሉ የሚገልጽ ደብዳቤ ተጻፈ። አንብቤ ፈረምኩ። ማመልከቻው ገብቶ መልሱን እየጠበቅን ነው።

ሰዎች «እማ ዘይነባ ሐቅ አወጣች» ይሉኛል፤ አልኮራበትም። ለሐቅ ቆሜያለሁ እያልኩ አሥር ወር ሙሉ «ለልጁ ነገራችሁት?» ብዬ አልጠየቅኩም። ያን ሁሉ ጊዜ እሱ መርዶውን ከአንዳችን አፍ ሲጠብቅ፣ ያቺን ምስኪን በመቃብሯ አላሳርፍ አልናት።

አሁን በሰፈራችን ሰው ሞቶ «ለእገሌ እንዳይነገር» ሲባል ስሰማ ብድግ እላለሁ። «ለመርዶው ቀን ቁረጡ» እላለሁ። ቀን ሳይቆርጡ አልቀመጥም። ቀን ያልተቆረጠለት ሟች ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁና።